የእናኑ ጨርቅ

ቡሬ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናና፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ጋሼ ሃይለ ሚካኤልስ እንዴት ነው? አዝመራው ደርሷል ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ የኔና የአንቺ ወሬ ሁሉ የሹፌሩ የተስፋው አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እሱ ደግሞ መንገድ ሲከፈትለት እህል ሊጭን ወደ እናንተ ይወርዳል፣ ሲዘጋበት እዚህ መገንጠያው ላይ መኪናውን አቁሞ ቢራውን ይጠጣል። ስለዚህ በኔ ስንፍና ብቻ አትፍረጂ።

የምናለ መታመም ልቤን ነክቶታል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እናና የምልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው፤ አሁን ልጅሽም እናና እያለ ሲጠራሽ ስሰማ ስሙን የቀማኝ እየመሰለኝ እቀናበት ነበር። ታሞ ተኝቷል ስትይኝ ግን ቅናቴ ሁሉ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ይግላል፣ ሲግል ይቃዣል ብለሻል። እናና፣ ይኼ ወባ ነው። እኔ ቡሬ ተቀምጬ ስሙን አወቅሁት፤ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ሌላ ስም ትፈልጊለታለሽ። ፍኖተ ሰላም ወስደሽ ደሙን አስመርምሪው። መንገዱ እንቢ ካለሽ ብዬ ኪኒን ገዝቼ በተስፋው ልኬልሻለሁ። አወሳሰዱ በአማርኛ ተጽፎበታል፤ ተሻለው ብለሽ እንዳታቋርጪ።

ከዚያ ደግሞ «ቡዳ አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል ንገረኝ» ብለሽኛል። በአንድ ቃል፣ የለም። ነገር ግን መንግሥት ሳይኮሎጂ እንዳስተምር የሚከፍለኝ ለአንድ ቃል አይደለምና ትንሽ ታገሺኝ።

የሰው አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም። ልጅ ሲታመም እናት «ለምን የኔ ልጅ?» ትላለች። ትንኝ ነከሰችው የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን አያጠግብም። ትንኝ አትጠላንም። ትንኝ አትሰደብም፣ ደጇ ተሄዶ ድንጋይ አይወረወርባትም። ስለዚህ ፊት ያለው ጠላት እንፈልጋለን። ፊት ያለው ጠላት ያላገኘ ሰው ዞሮ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ጥያቄ ለማምለጥ ሲል ደግሞ የማያምነው ነገር የለም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ባለፈው አብዝቶ የሳቀውን ልጅ ሳየው ሸሚዙ ሥር ክታብ ታስሯል።

ሸክላ ሠሪዋ እናኑ ምናለን የጭቃ በሬ ሠርታ ስለሰጠችው ነው የታመመው የሚሉትን አትስሚ። ለኔም እኮ በልጅነቴ ስንት በሬ ሠርታልኛለች። ይኸው አልሞትሁም።

ሌላ የምነግርሽ ጉዳይ ነበረኝ። የደስታ ነው። ምናለ ይዳንና ይደርሳል።

ወንድምሽ ስመኘው

---

ቂርቆስ አጥቢያ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስመኘው፣

ሰላምታዬ እንደ ደብዳቤህ ይርዘምልህ። ኪኒኑ ደርሶኛል። ከኋላው የላክኸው ደብዳቤም ደርሶኛል። አንድ ቃል ብለምንህ ስብከት ላክህልኝ። ስብከት እኛም ጋ አለ፤ ቅዳሴ ሲወጣ ቁመን እንሰማለን።

ፍኖተ ሰላም አልሄድሁም። ተስፋው እኛ ድረስ ይደርሳል እንጂ ከኛ ወዲያ መንገዱ ዝግ ነው። ኪኒኑን ዛሬ ጀምሬለታለሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ቡዳ የበላው ልጅ የሐኪም መድኃኒት ከነካው ይሞታል ብለው ከእጄ ይነጥቁኛል። አማቴን እማማ በለጠችን ታውቃቸው የለ። ሽንት ቤት ላድርሰው እያልሁ በጓሮ ነው የማስውጠው።

ምናለ ስም መጥራቱን ከተስፋው ሰምተህ ነው መሰለኝ፣ እነማን ነበሩ፣ ማን ጠየቀው፣ ልጁስ በትክክል ምን አለ ብለህ በኋለኛው ደብዳቤህ ጠይቀሃል። ለጥናት የምትፈልገው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ልንገርህ። እማማ በለጠች ነበሩ፣ ሃይለ ሚካኤል ነበር፣ ወንድሞቹ ነበሩ፣ ጎረቤቱም ነበር። የጠየቁት መድኃኒት አዋቂው አለቃ ዘሚካኤል ናቸው። ልጁን በጭስ አጠኑት። እሱ በትኩሳት ይቃዣል፣ እሳቸው ውስጡ ያለውን ቡዳ ያናግራሉ። «ማነህ አንተ? የማን ነህ? ስሟን ተናገር» እያሉ ደጋገሙበት። በመጨረሻ ስም ጠራ። ድምፁ ስልል ያለ ስለነበር ማን አለ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ነገርኋቸው። እናኑ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ።

እናኑን ጠርተዋት እንትፍ በይበት አሏት። ረስተኸው እንደሆነ፣ የበላችው ራሷ እንትፍ ስትልበት ቡዳው ይለቀዋል ነው የሚባለው። እሷ እንቢ አለች። «እንትፍ ካልሁ በልቼዋለሁ ማለቴ ነው። እኔ ልጁን አልበላሁትም» ብላ ገብታ በሯን ዘጋች። አሁን ሃይለ ሚካኤል ከወንድሞቹ ጋር እየመከረ ነው። ምክራቸው ደስ አይልም።

የደስታ ጉዳይህንም ሰምቻለሁ። ተስፋው ነገረኝ። የእናኑን ልጅ ትሕትናን ልታገባ ነው። ለኔ ሳትነግር ለእህል ጫኝ ትነግራለህ? ሃይለ ሚካኤል ገና አልሰማም። ሲሰማ አንተ ቡሬ ነህ፤ የምኖርበት እኔ ነኝ። ሁለቱን ልጆቼን የቀበርሁ ጊዜ እማማ በለጠች ስለኔ ምን ይሉ እንደነበር አንተ እዚሁ ሆነህ ሰምተሃል። «ዓይኗ ነው። ይች ሴት የወለደችውን አታሳድግም» ይሉ ነበር። አሁን ደግሞ የቡዳ አማች ሆነች ሊሉኝ ነው።

ምን ላድርግ? የማደርገውን ብቻ ጻፍልኝ። ለምን እንደምናምን አትጻፍልኝ።

እህትህ ካሰች

---

ቡሬ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናና፣

ተስፋው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ሰላምታዬን አሳጥሬብሻለሁ። ስለ ትሕትና ከኔ አፍ መስማት ነበረብሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላብራቶሪ ትሠራለች። ጨዋ ናት፣ ሥራ ወዳድ ናት፣ ምሳዬን ሳላስበው ቢሮ ድረስ ይዛልኝ ትመጣለች። ለፋሲካ ልንጋባ ተነጋግረናል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት የምትይኝ ከሆነ፣ አንቺ ቤት ወጥ የሚሠራው በማን ድስት ነው? ውኃው የሚቀዳው በማን እንስራ ነው? ሰው ዕቃዋን አምኖ እየበላበት ዓይኗን ይፈራል። ይኼ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ አንድ ነገር ታየኝ። እናኑ እንትፍ ትበልበት።

አትደንግጪ። ምራቅ ማንንም አይገድልም፣ ማንንም አያድንም። ልጁ ኪኒኑን እየወሰደ ነው፤ በዚህ በሁለት ቀን ውስጥ ይሻለዋል። እሷ እንትፍ ካለችበት በኋላ ሲሻለው ሰዉ «ለቀቀው» ብሎ ይበርድና እሷም ወደ ጭቃዋ ትመለሳለች። ሰውን በሚያምነው ነገር ፊት ለፊት ገጥመሽ አታሸንፊውም፤ መውጫ በር ታበጂለታለሽ። በኛ ሙያ የታወቀ ነገር ነው። እኔም ባስተምረው እንጂ እንዲህ በተግባር የማይበት ዕድል አላገኘሁም ነበር።

እንቢ ካለችሽ የለመንሁሽ እኔ ነኝ ብሏል በያት። «አማችሽ ስመኘው ይለምንሻል፤ ለጊዜው ነው፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብሏል» በያት። እኔን ታምነኛለች። አንዴ ትሕትና ጋ መጥታ ሳለ እጄን ይዛ «ያስተማረህ አምላክ ለኛም ብሎ ነው» ብላኛለች።

እሷ ስትተፋበት ልጁ ምን እንደሚሆን፣ ሰውም ምን እንደሚል አስተውለሽ ጻፊልኝ። ለማዘጋጀው ጥናት ከዚህ የተሻለ አላገኝም። ኪኒኑን አደራ።

ወንድምሽ ስመኘው

---

ቂርቆስ አጥቢያ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስመኘው፣

ምናለ ድኗል። እሱን ላስቀድም ብዬ ነው ሰላምታውን የዘለልሁት።

ቃልህን ሳልጨምርበት ሳልቀንስበት ለእናኑ ነገርኋት። መጀመሪያ በሯን ከፍታ እንኳ አላዳመጠችኝም፤ ያንተን ስም ስጠራ ጊዜ ከፈተች። እጇ ጭቃ ነበር፤ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። «እሱ ካለ ይሁን» አለች። በሰው ፊት ልጁ ላይ ጎንበስ ብላ እንትፍ አለችበት። ግንባሩንም ልትስመው ነበር፤ እማማ በለጠች ገፈተሯት። የዚያን ቀን ብርዱ ሳይመጣ ቀረ። በማግሥቱ ልጁ ቆሎ አምጡልኝ አለ።

ሰው ምን እንዳለ ጻፊልኝ ብለሃል። ሰው «አመነች» አለ። ሁሉም ባንድ አፍ ነው ያሉት። ለጥናትህ ይበቃህ እንደሆነ አላውቅም።

ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አሁን ልጁ እየጠራኝ ነው። የጭቃ በሬውን አምጪልኝ ይለኛል፤ አባቱ ሰባብሮታል፤ ውሻ በላው አልሁት። ውሻ ሸክላ ይበላል ወይ አለኝ። አፉ ተመልሷል።

እኔ እስክጽፍልህ ድረስ ትሕትና ወደዚህ እንዳትመጣ።

እህትህ ካሰች

---

ቡሬ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናና፣

ሌላ ጊዜ ያልሽውን ተስፋው ነገረኝ። ካንቺ አፍ መስማት ነበረብኝ፤ ይህን እንኳ አልሰጠሽኝም።

የእናኑን ቤት ጣሪያ እንዳወረዱት ነገረኝ። ለገበያ የደረደረችውን ጀበናና ጋን ባለቤትሽና ወንድሞቹ በዱላ እንደጨረሱት፣ ልጆች ሳይቀሩ እየሳቁ እንደረዷቸው፣ እሷ ምንም ሳትይዝ ቁልቁል ወደ ብር ወንዝ እንደሄደች፣ ከዚያም ሞታ ውኃው ዳር እንደተገኘች ነገረኝ። ገፍተዋት ይሁን፣ ወድቃ ይሁን፣ ራሷ ገብታ ይሁን አያውቅም፤ ወይም አይናገርም። ይህ ሁሉ ሲሆን አንቺ ስለ ሸክላ በሬና ስለ ቆሎ ጻፍሽልኝ።

ልጁ የዳነው በኪኒን ነው! አንቺ ታውቂያለሽ፤ በእጅሽ ያስዋጥሽው አንቺ ነሽ። ወጥተሽ ተናገሪ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በገበያው፣ ባለቤትሽ ፊት ተናገሪ። ሞታለችና ምን ያደርግላታል አትበዪኝ፤ ልጅ አላት።

ለትሕትና አልነገርኋትም። መርዶ በዘመድ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እዚህ ለሷ ከኔ ሌላ ማን ዘመድ አለ? እኔ ደግሞ አፌ አልከፈት አለኝ። በየቀኑ ምሳዬን ይዛልኝ ትመጣለች። «እናቴ ደኅና ናት ይሆን?» ትለኛለች። ስልክ እኮ የለም እላታለሁ። ከዚያ ፊቷ ቁጭ ብዬ ሽሮዋን እጎርሳለሁ። ትናንት ከምሳ በኋላ አስመለሰኝ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። እናኑ ስትሄድ ስለኔ ምን አለች?

ስመኘው

---

ቂርቆስ አጥቢያ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስመኘው፣

እንደምን ሰነበትህ? እንደተቆጣህ ከጽሑፍህ አይቻለሁ፤ ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል።

ወጥተሽ ተናገሪ አልኸኝ። ወጥቼ ተናገርሁ። ልጄን ያዳነው ስመኘው የላከው ኪኒን ነው አልኋቸው። መጀመሪያ ሃይለ ሚካኤል በጥፊ መታኝ፤ ደብቀሽ መድኃኒት ሰጥተሽ ልጁን ልትገድዪው ነበር ብሎ። ቀጥሎ አለቃ ዘሚካኤል ሳቁ። «ኪኒኑን ሲውጥ ሰንብቶ አልዳነም። እንትፍ ባለችበት ቀን ዳነ። እንግዲህ የቱ አዳነው?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? አንተ እዚህ ብትኖር ትመልስላቸው ነበር። መንገዱ ተዘግቶብኝ ነው እንዳትለኝ፤ ተስፋው ይመላለሳል።

ከሁሉ የባሰውን ልንገርህ። «ስመኘው ራሱ እንትፍ ትበልበት ብሎ ልኮ የለም ወይ? ያን ያህል የተማረ ሰው እሷ ካልበላችው ለምን ያዛል?» ይላሉ። ድሮ እዚህ አገር ቡዳ አለ የሚሉት አለቃና አማቴ ነበሩ፤ አሁን ምስክሩ አንተ ነህ። ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩ እንኳ ያንተን ስም ይጠራሉ። «ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ስመኘው ያረጋገጠው ነው» ይላሉ። ያበጀኸው መውጫ በር ጠባብ ኖሮ እሷ ብቻ ወጣችበት።

ካህናቱ ፈትተው ቀብረዋታል፤ እነሱን አልወቅስም። ከእድሩ ግን የወጣ ሰው የለም። እኔም አልሄድሁም።

ስለኔ ምን አለች ብለሃል። ቤቷ ሲፈርስ በደጄ አለፈች። እኔን አየችኝና «ስመኘው ያውቃል» አለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። መንገዷን ቀጠለች።

ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብለህ ነበር። ለልጅቷ መርዶዋን ንገራት። እኔን ተናገሪ ብለህ አስመትተህ አንተ ሽሮ ትበላለህ?

ካሰች

---

ቡሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናና፣

በመመታትሽ አዝኛለሁ። ብዙ ልጽፍ አልችልም፤ ራሴን ይዞኛል።

ታምሜአለሁ። ከሰዓት በኋላ ይጀምረኛል፤ ብርድ ነው፣ ቀጥሎ ላብ ነው፣ የበላሁት አይረጋልኝም። ደሜን ሁለት ቦታ አስመረመርሁ። ወባ የለብህም አሉኝ። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ እኔ ያስተማርሁት ልጅ ይመስለኛል። «ጭንቀት ነው መምህር» አለኝ። ለኔ ጭንቀትን ሊያስረዳኝ! እኔ አይደለሁም ወይ የማስረዳው?

ትሕትና ሰምታለች። ተስፋው ሰክሮ መገንጠያው ላይ ሲያወራ ነው የሰማችው። ጥቁር ለብሳ መጣች። ትጮህብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እናና፣ ያን አስተያየት ብታዪው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የታመምሁት። አይ፣ የጀመረኝስ ከዚያ በፊት ነው፤ ሽሮው ያስመለሰኝ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ግን በረታ። ደግሞ ሽሮውም የሷ እጅ ነው።

«ስመኘው ያውቃል» የሚለውን ቀንና ሌሊት አስበዋለሁ። ሰሙ ግልጽ ነው፤ እንትፍ በይ ብሎ የለመነኝ እሱ መሆኑን ያውቃል ማለቷ ነው። ወርቁ ነው የሚያስፈራኝ። ምኑን ነው የማውቀው? የትኛዋን ሴት ንጹሕ ናት ብዬ እንደተከራከርሁላት፣ የማንን ልጅ ቤቴ ላስገባ እንደነበር አውቃለሁ ማለቷ ይሆን?

የምታስቢውን አውቃለሁ። ግን በጥሞና ስሚኝ። ሳይንስ የለም አላለም፤ አልተረጋገጠም ነው ያለው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኔን ሁሉ ትምህርት ዋጋ የሚያሳጣ አንድ ነገር አለ፤ ከሱ ማለፍ አቃተኝ። ያ ሕፃን ስሟን እንዴት ጠራ? ማንም አልነገረው፣ ማንም አላስጠናው። በትኩሳት ራሱን የሳተ ልጅ አይዋሽም። ማነው የበላህ ሲሉት እናኑ አለ። ቤት ሙሉ ሰው ሰማ፤ አንቺ ሰማሽ። አንቺ ደግሞ ከሁላቸውም የበለጠ አስተዋይ ነሽ። ይህን ነገር እንዴት አድርጌ ላስረዳው? አላስረዳውም።

የሰጠችኝን ቀለበት ለትሕትና በሰው መልሼላታለሁ፤ ውለታ እንዳይቀርብኝ። በዚያ አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ፣ ግን ሕይወት ይቀድማል።

አሁን የማስቸግርሽ አንድ ነገር ነው። ከፈረሰው ቤቷ ከቀሚሷ ቁራጭ ጨርቅ ፈልገሽ ላኪልኝ። በበላው ቡዳ ልብስ ታጥኖ የተሻለው ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ፤ አለቃ ዘሚካኤልን እንዴት እንደሚደረግ ጠይቂልኝ። ለማን እንደሆነ አትንገሪያቸው። ካምፓሱ ከሰማ ማቄን ጨርቄን ሳልል መውጣቴ ነው።

ቶሎ ብለሽ ላኪልኝ።

ስመኘው

---

ቂርቆስ አጥቢያ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስመኘው፣

ምሕረቱን ይላክልህ። ጨርቁን አጣጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። ከመታጠንህ በፊት ግን ይህን አንብብ።

ምናለ ያለው እናኑ አይደለም። እናና ነው ያለው።

እናቱን ነው የጠራው። የታመመ ልጅ ሌላ ማንን ይጠራል? አንተም ኩፍኝ የያዘህ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እንደሱ ነበር የምትለኝ። አለቃ ግን የሚጠይቁት ልጁን ሳይሆን ቡዳውን ነበርና የተጠራው ስም የበላተኛዋ ስም ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማን አለ ብለው ሊጠይቁኝ አልነበረም የዞሩት፤ ባለፈው እንደዚያ የጻፍሁልህ ውሸት ነው። እማማ በለጠች አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር። ሁለት የቀበርሁ ነኝ። ሦስተኛው ተኝቶ ስሜን ይጠራል። የሃይለ ሚካኤልን ዓይን አየሁት፤ አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ያኔ «እናኑ ነው የሚለው፤ አልሰማችሁትም?» አልሁ። ሰሙት። ወዲያው ሁሉም እናኑ ሲል ሰማን አሉ። አንዱ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው ያለው አለ።

አንዲት ፊደል ናት የለወጥሁት። ናን ኑ አደረግኋት። ና አንድ ሰው ይጠራል፣ ኑ ብዙ ሰው ይጠራል፤ ብዙ ሰው መጣ። ቅኔ ስትቆጥር ያደግህ ልጅ ይኼን ሳታየው መቅረትህ ገርሞኛል። እናና ብለህ በጻፍህልኝ ቁጥር ነቃብኝ እያልሁ ነበር ደብዳቤህን የምከፍተው።

እኔ ቡዳ አለ ብዬ አምኜ አላውቅም። የማላምነው ስላልተማርሁ ሊሆን ይችላል። ሲያሙኝ ኖሬ ምንም እንደሌለብኝ ስለማውቅ ነው። እናኑም ስለራሷ ታውቅ ነበር። ፈርቼ ዋሸሁ፤ ይኸው ነው፤ ከነነፍሴ የምጠየቅበት ነው። ልጄን ሳየው ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደስታዬ ያስጠላኛል።

አንተ ግን ታምናለህ። መጀመሪያ በላክህልኝ ደብዳቤ፣ ፊት ያለው ጠላት ያላገኘ ሰው ራሱን መጠየቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ለማምለጥ የማያምነው ነገር የለም ብለህ ነበር። ያኔ ስብከት ነው ብዬ ሳቅሁብህ። አሁን ገባኝ። እናኑ ቡዳ ከሆነች አንተ ከቡዳ ያመለጥህ ሰው ነህ። ቡዳ ካልሆነች ግን፣ ስሜ ይበቃታል ብለህ በሯን ያስከፈትህባት፣ ምራቋን ያስተፋሃት፣ ጥናት ልትጽፍባት የነበርህ ሰው ነህ። የትኛውን እንደምትመርጥ ታመምሁ ስትለኝ አውቄዋለሁ።

ጨርቁም የሷ አይደለም። የሷን ልብስ ከፈረሰው ቤቷ እንጨት ጋር አቃጥለውታል። ከራሴ ቀሚስ የቀደድሁት ነው፤ የተጠራው ስም የኔ ስለሆነ። ታጠንበት። ለውጥ ካገኘህበት ጻፍልኝ፤ አንተ ብትሆን ለጥናት ትፈልገው ነበር።

ትሕትናን ፈልጋት። ገና ነው፤ ትደርስባታለህ።

እናና

---

ቡሬ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለካሰች፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ድኛለሁ። ጨርቁ ደርሶኛል፤ እንደተባለው አድርጌ ታጠንሁበት። በዚያው ቀን ላቡ ወጥቶልኝ በማግሥቱ እንጀራ ረጋልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ገብቻለሁ። ተማሪዎቹ ከስተሃል አሉኝ።

ትሕትና ሥራዋን ለቃ ከቡሬ ሄዳለች ይባላል። ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ፓርኩ ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ከሷ ጋር ምሳ መብላት ትተው ነበር አሉ። እኔ የእናቷን ነገር የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ደብዳቤሽ ግን ተስፋው መኪና ላይ የዘይት ጀሪካን ፈስሶበት ኖሮ ቀለሙ ተጨማልቆ አንድም ፊደል አይነበብም። ምን ብለሽ እንደጻፍሽልኝ አላወቅሁም። እንደገና እንዳትጽፊው።

ለጋሼ ሃይለ ሚካኤል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ምናለን ሳሚልኝ። ከእናኑ ጨርቅ የተረፈ ካለሽ አትጣይው፤ አስቀምጪልኝ።

ወንድምሽ ስመኘው